ከአንድ ጣቃ

ሚያዝያ 10

እታለም ላምዱአን፣

ስለ ጥርሴ ለጠየቅሽኝ፣ ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አለኝ። ስለ ምግቡ ደግሞ ባትጠይቂኝ ይሻላል። የአዲሱን ዓመት የውሃ በዓል እዚሁ እስር ቤት አከበርን። ተሰልፈን አዛዡ እጅ ላይ ውሃ አፈሰስን፣ እሱም እንደ ልማዱ «በሚመጣው ዓመት እዚህ አልያችሁ» ብሎ መረቀን። ይህንን ምርቃት ስሰማ ስድስተኛ ዓመቴ ነው።

ለምን እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። በመስታወቱ ማዶ በስልክ ስንነጋገር ሁለታችንም እንዋሻለን። ወረቀት ላይ ትንሽ ይቀላል።

ታናሻችን ቱይ ዘጠነኛ ክፍልን ጨረሰ ብለሽኛል። ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ ፍሪጅና አየር ማቀዝቀዣ መጠገን ሊማር ነው። ይማር። ከእኛ ከሦስታችን እጅ ያለው እሱ ነው፤ ገና ድክ ድክ ሲል የእማን ማራገቢያ ፈታትቶ መልሶ ገጥሟል። ግን እኔ የተማርኩበት አይግባ። በባቡር ሐዲዱ ኮሌጅ በር እንኳ አይለፍ።

እዚያ ስሜ ግድግዳ ላይ ተጽፏል አሉ። ምን ስላደረግኩ ነው? የቦዩ ኮሌጅ ተማሪ ስለገደልኩ ነው። ፊቱን አላየሁም፣ እታለም። ያየሁት ሸሚዙን ነው፤ ደረቱ ላይ ያለውን ቢጫ መልሕቅ። የእኛ ቀይ መዶሻ ነበር። ጉዳዩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ቱይ እዚያ ከገባ በመጀመሪያው ሳምንት «የዴት ወንድም» ይሉታል፣ በሁለተኛው ቢላ ያስይዙታል።

ሸሚዜ አሁንም ቤት ካለ አቃጥይልኝ። እማን ሳሚልኝ።

ዴት


ግንቦት 2

ዴት ወንድሜ፣

በመዘግየቴ አትቀየመኝ። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ሁለቱም ኮሌጆች ሸሚዝ የሚያሰፉት እኛ ስፌት ቤት እንደሆነ ታውቃለህ። ከአንድ ጣቃ ነው የምንቆርጠው። ጠዋት ቀይ ክር፣ ከሰዓት ቢጫ ክር። ዓይኔ ደክሟል።

ስለ ሸሚዝህ፣ እማ አላቃጥልም አለች። «ልጄ ሲወጣ ምን ይለብሳል?» አለችኝ፣ ሌላ ልብስ የሌለህ ይመስል። ብል እንዳይበላው ሳጥን ውስጥ ካምፎር ጨምራ አስቀምጣዋለች። እግሯ እንደ ድሮው ነው፤ ሙዝ መጥበሱን ግን አልተወችም።

ጓደኛህ ቾክ መጥቶ ነበር። የማንጎስቲን ፍሬ በፌስታል ሙሉ ይዞ። ከተመረቀ ስንት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን የሚውለው ኮሌጁ በር ላይ ነው።

«እትዬ፣ ትንሹ ዴት የት አለ?» አለኝ።

«ስሙ ቱይ ነው።»

«ለእኛ ትንሹ ዴት ነው። ምዝገባ አይሰለፍም፣ ቦታውን ይዘንለታል። ከትልልቆቹ ጋር ነው የሚቀመጠው።»

«ሱሪን አውራጃ ሄዷል፣ አጎታችን ጋ። መነኩሴ ሊሆን ነው።»

ቾክ ሳቀ። «ቱይ? በዚያ ትልልቅ ጆሮው? ጸጉሩ ከተላጨማ ነፋስ ይዞት ይበራል!»

«ይብረራ። ሰማይ ላይ ቾክ የለም» አልኩት።

ማንጎስቲኑን አስቀምጦ እየሳቀ ሄደ። የነገርኩትን ግን አመነ። መነኩሴ የሚሆን ልጅ አይነካም፤ ይህንን እንኳ ያውቃሉ።

ቱይን አስመዝግቤዋለሁ። አንተ ያልከው በር ላይ አይደለም። ከወንዙ ማዶ፣ የእማ ጓደኛ ቡንማ ቤት ይኖራል፤ እሑድ እሑድ በአውቶቡስ ወደ እኛ ይመጣል። ቀሪውን ሌላ ጊዜ።

ላምዱአን


ግንቦት 19

እታለም፣

የጠየቅኩሽን ሁሉ መልሰሽ አንዱን ዘለልሽው። ከወንዙ ማዶ ፍሪጅ የሚያስተምር ኮሌጅ አንድ ብቻ ነው። የቦዩ ኮሌጅ።

አብደሻል? የገደልኩት ልጅ የተማረው እዚያ ነው። በየዓመቱ መነኮሳት ጠርተው ጸሎት ያስደርጉለታል፤ ፎቶው በሩ ላይ አለ። ቱይ በየጠዋቱ በዚያ ፎቶ ሥር ሊያልፍ ነው። የማን ወንድም እንደሆነ የሰሙ ቀን የሚያደርጉትን አንቺ አታውቂም። እኔ አውቃለሁ፤ እኛም ብንሆን የምናደርገው ነው።

አውጪው። ሙዝ ይጥበስ፣ ሞተር ብስክሌት ይንዳ፣ ምንም ይሁን። ነገ አውጪው።

ዴት


ሰኔ 12

ዴት ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ለእማ አላነበብኩላትም። ተናደህ የጻፍከውን እሷ በጩኸት ነው የምትሰማው።

«ለምን እዚያ?» ላልከኝ፣ ያንተን ኮሌጅ ከለከልከኝ። ሦስተኛ የለም። ደግሞ ለብቻዬ አልወሰንኩም። ሸሚዝ ሊወስድ የሚመጣ አንድ የቦዩ ኮሌጅ መምህር አለ፣ ኡዶም ይባላል፣ ሽማግሌ ነው። እውነቱን ነገርኩት። የሞተውን ልጅ እሱ ነው ያስተማረው።

ኋላ «ልጁ ምን ይወዳል?» አለኝ።

«ፍሪጅ» አልኩት።

«ፍሪጅ የሚወድ ልጅ አግኝቼ አላውቅም። የሚመጡት ሁሉ ሌላ ቦታ ወድቀው ነው። አምጪው።»

በእማ የልጅነት የቤተሰብ ስም ነው ያስመዘገብነው። ያንተ ስም የትም የለም። ግቢው ውስጥ የሚያውቀው መምህር ኡዶም ብቻ ነው። ቱይንም አስምዬዋለሁ፤ ቢሞት እንኳ ያንተን ስም እንዳይጠራ። ላንተ ደብዳቤ እንዳይጽፍ የከለከልኩትም ለዚሁ ነው፤ አትቀየመው።

ሐሙስ ለመምህራን የሚሰግዱበት ሥነ ሥርዓት ነበር። እንደምታስታውሰው መሣሪያቸውን አበባ አስረው መሠዊያው ላይ ያስቀምጣሉ። ቱይ ያቺን ያንተን ያረጀች ጉጠት በእማ ቢጫ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ቡንማ እንዳለችው ከመዶሻውና ከመፍቻው መካከል ያሸበረቀችው እሷ ናት። የቡንማን ፍሪጅም ሠርቶላታል። «አሁን ከመብረዱ የተነሣ ዓሣው ሊናገር ነው» ትላለች።

መንገድ ላይ ነጭ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው። የኮሌጁን ሸሚዝ በፌስታል ይዞ ግቢ ሲደርስ ይቀይራል። ይህንን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ላምዱአን


ነሐሴ 7

እታለም፣

ለእማ ከሳሙና የጃስሚን አበባ ቀርጬላታለሁ፤ የእናቶች ቀን ነውና። ሽታው የልብስ ሳሙና ነው፣ እንደ ጃስሚን ታስበው።

ስለ ባለፈው ደብዳቤዬ ይቅርታ። አስቤ አስቤ ልክ ነሽ ወደ ማለቱ ደርሻለሁ። ስሙ ከተደበቀ ይደበቃል። ትናንት ምሳ ላይ የቡንማን ዓሣ ለክፍሌ ሰዎች ነገርኳቸው። እስር ቤት ውስጥ የሚያስቅ ወሬ ይዞ መምጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ዓሣው ምን አለ?» ሲሉኝ ዋሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ኅዳር 12 የባቡር ሐዲዱ ኮሌጅ መሥራች ቀን ነው። ጠዋት ለሐውልቱ ይሰግዳሉ፣ ከሰዓት ይጠጣሉ፣ ከዚያ መልሕቅ የለበሰ ሰው ፍለጋ አውቶቡስ አውቶቡስ ይወጣሉ። እኔም የወጣሁት በዚያ ቀን ነው። አሁን በእኔ ስም እንደሚጠጡ ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን ቱይ ከቤት አይውጣ። ብትፈልጊ እግሩን እሰሪው።

ዴት


ኅዳር 24

ዴት፣

ስለ እማ ጠይቀኸኛል። እግሯ ያው ነው። ሙዝ መጥበስ ለጊዜው ትታለች።

መስታወቱ ጋ ስላልመጣሁ አትቀየም። ሥራ አለ። ዝናቡ ቆሟል፣ ቦዩ ጎድሏል።

ኅዳር 12 ከቤት እንዳይወጣ አደረግሽ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አደረግኩ። ቡንማ ቤት ነበር፣ ቀኑን ሙሉ። ከውጭ ቆልፋበት ነበር። በመስኮት ሲያወራት ዋለ።

በዚህ ወር ሌላ አትጠይቀኝ።

ላምዱአን


ታኅሣሥ 6

እታለም፣

ይህንን ደብዳቤ ፖስታ የሚመረምረው መኮንን አያነበውም። ከውጭ እየመጣ ብየዳ የሚያስተምረን ሰውዬ በምሳ ዕቃው ይዞልኝ ይወጣል። መልሱንም ለእሱ ስጪው።

ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ «ቱይ ሰላም ይልሃል» የሚለው የለም። መላልሼ ፈለግኩት።

ያለፈው ሰኞ አዲስ ገቢ አመጡ። ፒያክ ይባላል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የባቡር ሐዲዱ ኮሌጅ ልጅ። ፍርዱን ይጠብቃል። ስሜን ሲሰማ እግሬ ሥር ተደፋ።

«ጋሼ ዴት! የእርስዎ ክፍል ደረሰኝ? ጓደኞቼ ቢሰሙ በቅናት ይሞታሉ!»

«ምን አድርገህ መጣህ?» አልኩት።

ነገረኝ። እንደሚነገር ነገር ነገረኝ፣ እየሳቀ፣ እጁን እያወናጨፈ። በመሥራቹ ቀን ሊወጡ ነበር፣ ፖሊስ ከተማውን ሞልቶታል። ስለዚህ በማግስቱ ወጡ። አውቶቡሱ ላይ አንድ ልጅ ለብቻው ተቀምጧል።

«ነጭ ነው የለበሰው፣ ጋሼ። ግን ጭኑ ላይ ፌስታል አለ። ዘንድሮ ፌስታል የያዘ ሁሉ ሸሚዝ ደብቆ ነው። ከፍተን ስናይ ቢጫ መልሕቅ! ደግሞ ጆሮው! የዝሆን ጆሮ ነው የሚመስል። ቀና ብሎ አየንና አንድ ነገር አለ፤ ሳቃችንን መያዝ አቃተን።»

«ምን አለ?»

ነገረኝ። ያንን ለአንቺ አልጽፍም።

ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩት። «በቢጫ ጨርቅ የተጠቀለለች አሮጌ ጉጠት» አለኝ።

እታለም፣ ተሳስቼ ከሆነ ቶሎ ጻፊልኝ። ካልተሳሳትኩም ጻፊልኝ።

ዴት


ታኅሣሥ 17

ዴት ወንድሜ፣

አልተሳሳትክም።

የደበቅኩህ እማ ስለለመነችኝ ነው። «ከሰማ አንድ ነገር ያደርጋል፣ ሁለተኛውንም አጣለሁ» አለች። ቀኑን ሁሉ መስታወቱ ጋ ሄጄ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳይህ ሳስብ ነው የከረምኩት።

አንተም አንድ ቃል ደብቀኸኛል። ካንተ በፊት ሰምቼዋለሁ። አስከሬኑ ከመቃጠሉ በፊት የአውቶቡሷ ትኬት ቆራጭ ቤተ መቅደሱ ድረስ መጣች። ከሥራ ነበር የመጣችው፣ ትኬትና ሳንቲም የምትይዝበትን ቆርቆሮ አልፈታችም፤ ስትሰግድ ሳንቲሙ ይንኳኳ ነበር። እማ አጠገብ ተቀምጣ የሰማችውን ሁሉ ነገረችን።

«የዴት ወንድም ነኝ» ነው ያለው። «የባቡር ሐዲዱ ኮሌጅ የዴት ወንድም።»

አንደኛው «ውሸታም! የጋሼ ዴት ወንድም ሱሪን አውራጃ ነው ያለው፣ መነኩሴ ነው፣ ቾክ ነግሮናል» አለው። ሌላኛው «በጋሼ ዴት ስም ልታመልጥ?» አለ። ከዚያ በፊት በጥፊ ብቻ ነበር የሚመቱት አለች። ያናደዳቸው ስምህን መጥራቱ ነው።

ቢሞት እንኳ ስምህን እንዳይጠራ አስምዬው ነበር። እንቢ ብሎኝ የማያውቅ ልጅ፣ ያንን አንድ ጊዜ እንቢ አለኝ። ልክ ነበር። ያተርፈው ነበር፤ እኔ ለቾክ ያልኩት ባይኖር ኖሮ።

ከቦዩ ልጆች ደበቅነው። ያንተዎቹን ረሳናቸው። ለቾክ «ማዶ ነው የሚማረው፣ አደራ» ብዬው ቢሆን ማንም ጸጉሩን አይነካውም ነበር። ይህንን ያወቅኩት አሁን ነው። እየቆረጥኩ አስበዋለሁ፣ እየሰፋሁ አስበዋለሁ።

ቾክም ልቅሶ መጣ። የማን ልቅሶ እንደሆነ በቅጡ ሳይሰማ፣ «ከዴት ቤት ሰው ሞቷል» ብለውት ነው የመጣው። ፎቶውን አየ። ጆሮውን አየ። ወጥቶ አጥሩ ሥር አስመለሰው። ከዚያ ወዲያ በር ላይ አይውልም አሉ።

መምህር ኡዶምም መጣ። ወንበር ሲያነሣ፣ ሻይ ሲያድል አመሸ።

ላምዱአን


ጥር 3

እታለም፣

ላንቺ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ብዬ አልጽፍም። ስለማይረዳ ነው። ለእኔም ብዙ ሰው ብሎኝ ያውቃል።

ፒያክ አያውቅም። ቱይ በሌላ የቤተሰብ ስም ስለተመዘገበ መዝገብ ላይ ከእኔ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ አስተዳደሩም አያውቅም፤ ቢያውቁ ኖሮ ይለያዩን ነበር። ከጎኔ ነው የሚተኛው። ልብሴን ያጥባል። ሩዙን ከእሱ ሳህን ወደ እኔ ይገለብጣል። «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ፣ ከስተዋል እኮ» ይለኛል። መክሳቴን ያየ እሱ ብቻ ነው።

ብየዳ ክፍል ለእኔ ተመድቧል። አዲሶቹን የማሳየው እኔ ነኝ። ፒያክ ሁለት ዓመት ቴክኒክ ኮሌጅ ተቀምጦ የመበየጃውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን እንኳ መያዝ አያውቅም።

«ታዲያ ምን ተማርክ?» አልኩት።

«መሮጥ» አለኝ። ጥርሱን አሳየኝ።

አሁን የምጠይቅሽን ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ለሁለት ሰው ያለን ጭንብል አንድ ነው። የሚበይደው ያጠልቃል፣ ሌላው ፊቱን ያዞራል። እኔ አጥልቄ «ተጠግተህ እሳቱን እይ፣ ዓይንህን አትንቀል» ካልኩት ይጠጋል። ያልኩትን ሁሉ ያደርጋል። ደጋግሜ ካሳየሁት በዚያ ዓይኑ አውቶቡስ ላይ የማንንም ሸሚዝ አይለይም። ማንም አይጠይቀኝም፤ እዚህ ዓይኑ የጠፋ እሱ የመጀመሪያው አይሆንም። ከመውጫዬ ላይም ቀን አይጨመርብኝም።

የብየዳው ትራንስፎርመር ተበላሽቶ ነው እንጂ እስካሁን ጀምረን ነበር። ከመጠገኑ በፊት ጻፊልኝ።

ዴት


ጥር 15

ዴት ወንድሜ፣

አድርገው ልልህ ብዕር አንሥቼ ነበር። እውነቴን ነው። ከዚያ አታድርገው ልልህ አነሣሁ፣ እሱም አልመጣልኝም። እማን አልጠየቅኳትም፤ መልሷን እፈራለሁ።

ስለዚህ የማውቀውን ሠራሁ። ፖሊስ ፌስታሉን መለሰልን። ሸሚዙ እንደታጠፈ ነው። የዚያን ቀን አልለበሰውም፣ ምንም አልነካውም። እማ ከሳጥኑ ያንተን አወጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። «ፍቺው» አለችኝ። ቀዩን ፈታሁ፣ ቢጫውን ፈታሁ። ክሩ ከወጣ በኋላ የትኛው የማን እንደነበረ እኔም መለየት አቃተኝ፤ እኔው ራሴ ቆርጬ የሰፋኋቸውን!

ብየዳ ሠራተኞች ከጭንብል ሥር የሚያጠልቁትን የራስ መሸፈኛ አድርጌ ሰፋኋቸው። ሁለት ወጣ። የብየዳ አስተማሪው «እንደ ሥራ ልብስ አስገባዋለሁ» ብሏል። አንዱ ያንተ ነው።

ሁለተኛውን ለማን እንደምትሰጠው አልነግርህም። ለእሱ ከሰጠኸው ግን፣ ማን እንደነበረ ሳትነግረው እንዳታለብሰው።

የሚመጣው ዓመት ትእዛዝ ገብቷል። ሁለቱም ኮሌጆች ጭማሪ ይፈልጋሉ። እሰፋለሁ፤ እኔ ብተወው ሌላዋ ትሰፋዋለች።

ላምዱአን


ጥር 27

እታለም፣

ጨርቆቹ ደረሱ። ካምፎር ይሸታሉ፣ ሁለቱም።

ነገርኩት። ከእራት በኋላ፣ ሰው ሲተኛ ሳልጠብቅ፣ ሩዙን ወደ እኔ ሊገለብጥ ሲል ሳህኑን ያዝኩትና ነገርኩት። ስሙን፣ ጉጠቷ የማን እንደነበረች፣ ሱሪን ሄዷል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ሊስቅ ሞከረ። ኋላ እንዲህ አለኝ፤

«በምን እናውቃለን፣ ጋሼ? ሸሚዙ የእነሱ ነበር።»

ይህንን ቃል ዳኛው ፊት የተናገርኩት እኔ ነኝ። አንድም ሳይጨመር፣ አንድም ሳይቀነስ። የዚያን ልጅ እናት ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። እኔ ለፒያክ ነግሬው አላውቅም። የትም አልተጻፈም።

ከዚያ ወዲህ ጎኔ አይተኛም፤ በሩ ሥር ነው የሚተኛው። «ይምቱኝ» ብሎኛል። አልመታሁትም። ማታ ማታ የማደርገውን እንደሚጠብቅ አያለሁ፣ እኔም እጠብቃለሁ።

ዛሬ ትራንስፎርመሩ ተጠግኖ መጣ። አንዱን ጨርቅ ሰጠሁት። ወደ ኋላ አለ።

«አልለብስም። የእሱ ነው።»

«ወይ የእሱ ነው ወይ የእኔ ነው። አይታወቅም።»

«ይቃጠል ፊቴ፣ ጋሼ። ተዉኝ።»

አንገቱን ይዤ በግድ አጠለቅኩለት። ያለንን አንዱን ጭንብልም ከላዩ ደፋሁለት። ኤሌክትሮዱን እጁ ላይ አስያዝኩት።

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ «ጀምር» አልኩት።

ዴት